በደቦ የታጠበ ባሕር

ባሕር ለሌለው አገር ሰው ባሕር ብትሰጡት መጀመሪያ ምን የሚያደርገው ይመስላችኋል? ይዋኝበታል? ጀልባ ይቀዝፍበታል? የለም፤ ያጥበዋል። ይህን የምላችሁ ሰምቼ አይደለም። ነቀምት፣ ቡርቃ ጃቶ፣ እዚያው ግቢዬ ውስጥ፣ ባሕሬ በዱቄት ሳሙና ታጥቦ፣ ጆንያ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ በዓይኔ አይቼ ነው።

«ነቀምት ደግሞ ባሕር ከየት መጣ?» ትሉኝ ይሆናል። ቆዩኝ። የሽማግሌ ወግ እንደ አገራችን ዝናብ ነው፤ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ያጉረመርማል፣ ከመጣ በኋላም ቶሎ አያባራም።

ነገሩ የሚጀምረው አሰብ ነው። ጎረምሳ ሳለሁ፣ ጥርሴ ሁሉ የራሴ በነበረበት ዘመን፣ ወደቡ ላይ ጭነት መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከወለጋ ደን ወጥቼ አሰብ የገባሁ ዕለት ወደ ባሕሩ ወረድኩና እጄን ግንባሬ ላይ ጋርጄ እመለከት ጀመር። አንዲት ልጅ በአጠገቤ ስታልፍ ቆመች። ወላጆቿ ከወሎ ወርደው እዚያው የከተሙ፣ እሷም እዚያው የተወለደች ናት።

«ምን ጠፋብህ?» አለችኝ።

«ማዶውን እየፈለግኩ ነው።»

«የምን ማዶ?»

«የወንዙን ነዋ!»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን የወለጋ ልጅ ውሃ አይቶ ሳይቀምስ አያልፍም። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ አፈስኩና ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለአንጀቴ ልተወው። ልጅቷ ስቃ ስቃ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ሰው በዓይን ይያዛል፣ በአንገት ይያዛል፤ እኔ ግን በራሴ ላይ በተሳቀ ሳቅ ተያዝኩ። ዘውዴ ትባላለች። አገባኋት። ሳቁን እስከ ዛሬ አላቆመችም፤ ምክንያት አጥታም አታውቅም።

ዘመን ሲገለባበጥ ልጃችንን ሌንሳን አዝላ ከእኔ ጋር ወደ አገሬ መጣች። ነቀምት በዝናብ ተቀበለቻት። እናቴን ነፍሷን ይማርና፣ ዘውዴ በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ከሰማይ ሲመጣ ጨው እንዴት አጣ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ አማርኛዋ ትንሽ ስለነበረ ጨው የጠየቀቻት መስሏት ከጓዳ አንድ እፍኝ አምጥታ ሰጠቻት። እንዲህ ነው የተጀመረው ኑሯችን።

አሁን ዘውዴን ገበያ ብታዩዋት የነቀምት ተወላጅ አይደለችም ብላችሁ አትጠረጥሩም። ኦሮምኛዋ ከእኔ ይፈጥናል፤ ነጋዴ ስትከራከር እኔ ዘንቢል ይዤ ከኋላ እቆማለሁ። ሰፈሩ ሁሉ «ሃዳ ሌንሳ» ይላታል፣ የሌንሳ እናት ማለት ነው። እኔ «አባ ሌንሳ» ነኝ። ስለ ባሕር ግን ተናግራ አታውቅም። አንድም ቀን። እኔም አልጠየቅኳትም፤ ሰው የማይሰጠውን ነገር «ናፈቀሽ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ጉልበቷ እምቢ ስላላት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የጎረቤታችንን የአዴ ጫልቱን አቮካዶ ዛፍ ስታይ ትውላለች። መልካም ዛፍ ነው፤ ግን ከጧት እስከ ማታ የሚታይ አይደለም። አዲስ አበባ የምትሠራው ሌንሳ መጥታ ይህን አየች። በሌላ ጊዜ ስትመጣ በአይሱዙ ባሕር ጭና መጣች።

አዎ፣ ባሕር። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የተወላት የመስታወት ሣጥን ነው። ውስጡ ጨዋማ ውሃ፣ ነጭ ቀበቶ የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፣ ከባሕር የወጣ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ እንደ አበባ የምትከፈትና የምትዘጋ ኮራል የሚሏት ፍጥረት አለች። በጎኑ አየር የሚነፋ ፓምፕና የፓምፑ መጠባበቂያ ባትሪ፣ ከሥሩ ደግሞ አሸዋ። ግን እንዴት ያለ አሸዋ! ከስንዝር ይበልጣል ውፍረቱ።

«ሌንሳ፣ ይሄን ሁሉ አሸዋ ምን አደረግሽው? ዓሣዎቹ ቤት ሊሠሩ ነው?»

«አባ፣ ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው። ከላይ አየር ያገኛል። ከታች አየር አይደርስም። እዚያ ታች በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች አሉ፤ የዓሣዎቹን ቆሻሻ እየበሉ ወደ አየር ይለውጡታል። ውሃው ንጹሕ የሚሆነው በእነሱ ነው። እንዳትነኩት! ከሥሩ ካማሳላችሁት ይገማል፤ ዓሣዎቹም ያልቃሉ።»

ወዲያው ገባኝ። ይህ አሸዋ ጡረተኛ ነው። ካልነኩት ዝም ብሎ ተቀምጦ ቤቱን ያቆማል፤ ከነካኩት ከሥር የከረመው ሁሉ ይወጣና ቤት ያስለቅቃል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሸዋውን እንደ ወንድሜ አየው ጀመር። ጧት ጧት መስታወቱን አንኳኩቼ «አካም ቡልተን?» እለዋለሁ፤ እንዴት አደራችሁ። ከታች ትንሽ አረፋ ብቅ ይልልኛል። የእኔም እንደዚያው ነው፤ ባለቤቴ ምስክር ናት።

እኔ ከዚህ ሁሉ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘውዴ አይታ «ይሄስ ባሕር ነው» እንድትለኝ። ወንበሯን ከመስኮቱ ወደ ሣጥኑ አዞርኩላት።

«እህ፣ እንዴት ነው?»

«ያምራል።»

«አሰብን አላስታወሰሽም?»

«ዓሣዎቹ ያምራሉ።»

«አሰብንስ?»

«መስታወቱም ያምራል። ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እኛ ዓሣ የምናውቀው በመጥበሻ ነው! ቁጭ ብዬ ሳየው የዘመድ ልጅ ፎቶ የተሰጠኝ ይመስለኛል።»

ይኸው ነው። ሌንሳ ስትደውል «እማዬ፣ ወደድሽው?» ትላታለች፤ «በጣም!» ትላለች እናት። ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ ሹልክ ብሎ ወደ አቮካዶው ይሄዳል። እኔም እንደዚያ ሰነበትኩ፤ ባሕር ይዤ ማዶውን እየፈለግኩ።

እየቆየ የአሸዋው ሥር በመስታወቱ በኩል ጥቁር ጥቁር መስመር አወጣ። ሌንሳን ብንጠይቃት «ጤነኛ ነው፣ ተዉት» አለች። የሰፈሩ ሰው ግን ሌንሳ ጋር አይደውልም። አዴ ጫልቱ የቤታችን ቁልፍ የሚቀመጥባት፣ ቆሻሻ አይታ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። አንድ ቀን ጎንበስ ብላ አየችው።

«ዋይ! አባ ሌንሳ፣ ይሄ ነገር ከሥሩ ሻግቷል እኮ! ለምን አታጥቡትም?»

እዚህ ላይ ነው ስሕተቴ። ስለማይታዩት ፍጥረቶች መናገር ነበረብኝ። ግን በቆሻሻ የሚያጸዱ ፍጥረቶች አሉ ብዬ ለጫልቱ ማስረዳት፣ ለዝናብ ጃንጥላ መሸጥ ነው። ቀኑም ሙቀት ነበር። ስንፍናዬ አሸነፈኝና እጄን ጀርባዬ ላይ አድርጌ «ምን ላድርግ፣ ወገቤ» አልኩ።

ወገቤ! አያችሁ፣ በእኛ አገር ሽማግሌ «ወገቤ» ካለ ደቦ ጠራ ማለት ነው። በቆሎው ሳይሰበሰብለት የቀረ ሰው «ወገቤ» ይላል፤ በማግስቱ ጎረቤቱ ማሳው ላይ ይሰለፋል። ማንም አይለምንም፣ ማንም አይለመንም። በዚህ ያደግኩ ሰው እያወቅኩት ነው የተናገርኩት። ጫልቱ ከንፈሯን መጠጠችልኝ። ሄደች። እኔም ረሳሁት።

እነሱ አልረሱም። ኡኬ ከተማ አንድ የጥንት ወዳጄ አርፎ እኔና ዘውዴ ለቅሶ ሄድን። ቁልፉን እንደ ልማዳችን ለጫልቱ ሰጠናት። ከሰዓት በኋላ ከሚኒባስ ወርደን በባጃጅ ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ባጃጅ ነጂው አፍንጫውን ያዘ። ሽታው ደረሰን። የተበላሸ እንቁላል በሉት፤ አንድ ቅርጫት ሙሉ፣ ከነዶሮዋ። ሰው በየበሩ በነጠላ አፍንጫውን ይዞ ቆሟል። ሁለት ጎረቤታሞች የማን ሽንት ቤት ነው የፈነዳው በሚል ተያይዘው ይጨቃጨቃሉ። ውሾች እንኳ ወደ ላይኛው መንገድ ተሰደዋል።

ከባጃጁ ወርጄ እኔም አፍንጫዬን ያዝኩ። ዘውዴ ብቻ አልያዘችም። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ በረጅሙ ሳበችው።

«ባሕሩ ሸሽቶ ነው?» አለች።

«ምን?»

«አሰብ ማዕበሉ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ጭቃው ሲገለጥ፣ ልክ እንዲህ ነው የሚሸተው።» ከዚያም ፈገግ አለች። በዚያ ሽታ ፈገግ ያለች ሴት በነቀምት ታሪክ እሷ ብቻ ትመስለኛለች። እኔ ግን ነገሩ ስለገባኝ ወደ ግቢዬ ገሰገስኩ።

ግቢው ውስጥ ደቦው በዘፈን ደምቋል። ግንበኛው ኦቦ ገመቹ የግንባታ ወንፊቱን አቁሞ አሸዋዬን ይነፋል። ሴቶቹ በሳፋ በሳፋ ያሹታል። አረፋው እስከ አጥሩ ደርሷል። የታጠበው ጆንያ ላይ ተሰጥቷል፤ ያን ያህል ነጭ ነገር ከሠርጌ ቀን ወዲህ አላየሁም። ድንጋዩ በሽቦ ብሩሽ ተፈትጎ ሰው የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት እንደላከው ልጅ ያብረቀርቃል። ጫልቱ እጇን እያራገፈች ወደ እኔ ሮጠች።

«አባ ሌንሳ፣ አካም ኦልተን? ዋቃዮ ነው ያተረፋችሁ! ከሥሩ በስብሶ ነበር እኮ፣ ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር አንድ ቤት ስታድሩ ከረማችሁ!»

«ዓሣዎቹስ?» አልኳት።

«ሳፋ ውስጥ አሉ። የራሳቸው ውሃ ነው፣ አልደፋነውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር ማን ውሃ ይደፋል?»

«አበባዋስ? ድንጋዩ ላይ የነበረችው?»

«እንዳትጠወልግ ብርጭቆ ውስጥ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ አድርጌላታለሁ። ጠረጴዛው ላይ ናት።»

ኮራሏን ነፍሷን ይማር። ከቀይ ባሕር ወይም ከሌላ ከየት እንደመጣች የማላውቃት ፍጥረት፣ የሕይወቷን መጨረሻ እንደ ጽጌረዳ ብርጭቆ ውስጥ አሳለፈች።

ኦቦ ገመቹ አንድ እፍኝ አሸዋ አንስቶ እንደ ሙያው በመዳፉ አሻሸና «አሁን ግንብ ይይዛል» አለኝ፤ ለእሱ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

ምን ልበል? መቆጣት አማረኝ። ግን የእነዚህ ሰዎች እጅ በእኔ ሥራ ተሸብሽቧል። የራሳቸውን ቀን ትተው፣ በዚያ ሽታ መካከል ቆመው ያጠቡት ለእኔ ወገብ ብለው ነው። ይባስ ብሎ ደቦ ሲያልቅ ባለቤቱ፣ ያውም ሽማግሌ ከሆነ፣ መመረቅ አለበት። ሁሉም እጁን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። እጄን አነሳሁ።

«እጃችሁ ይባረክ።»

«ሃ ተኡ!» አሉ በአንድ ድምፅ፤ ይሁን ማለት ነው።

«የነካችሁት ሁሉ እንዲህ ይጽዳ።»

«ሃ ተኡ!»

«የእኔን ባሕር እንዳያችሁልኝ፣ እግዚአብሔር የእናንተን... የእናንተን ግን ሳይታጠብ ያቆየው።»

«ሃ ተኡ!» አሉ ከበፊቱ አስበልጠው። ዘውዴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ትንቀጠቀጣለች። እያለቀሰች መሰለኝ። እየሳቀች ነበር።

ከምርቃቱ በኋላ ሳፋውን አየሁ። ሁለቱ ዓሦች ከላይ ተንሳፍፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሳቁ ሁሉ ከውስጤ ወጣ። ሌንሳ ጋር ደወልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁሉም እንዲሰማ።

«አባ፣ አሸዋው ታጠበ? በምን?»

ወደ ጫልቱ አየሁ። «በዱቄት ሳሙና» አለች ጫልቱ፣ «ግን ደህና አድርገን አለቅልቀነዋል!»

ከዚያ «ያን አሸዋ እንዳትመልሱት» አለች ልጄ በቀስታ። «ሌላ እልካለሁ። ያልታጠበ የቀረ የለም?»

«ከሥር የነበረው ጥቁሩ አለ» አለ ገመቹ። «በባልዲ ለይቼዋለሁ። ሊጣል ነው፤ እሱ እንኳን በሳሙና በእሳትም አይጸዳም።»

«ጎሽ! እንዳትጥሉት፤ የባሕር ውሃ አልብሳችሁ አስቀምጡት። ለአዲሱ እርሾ ይሆናል።»

ደቦው እርስ በርሱ ተያየ። ቡሖ የሚያውቅ ሰው እርሾ ሲባል ይገባዋል። ጫልቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ማሎ! እርሾውን ነው ያጠብነው?» አለች። የማይታዩትን ፍጥረቶች ስላላስረዳኋት ስንት ነገር ጠፋ፤ አሁን በአንዲት ቃል ገባት። ልጄ ከእኔ ይልቅ መልካም አስተማሪ መሆኗ የሚያናድደኝ በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

«ዓሣዎቹ አየር እያጠራቸው ነው» አለች ሌንሳ። «ፓምፑን ሳፋው ውስጥ ክተቱትና አብሩት።»

«መብራት የለም።»

«መጠባበቂያ ባትሪው?»

ጫልቱ አንገቷን ደፋች። «እሱም አቧራ ነበረው» አለች።

አጥበውታል። ባትሪውን አጥበውታል። ከጆንያው ጫፍ፣ ከአሸዋው ጎን፣ ፀሐይ ይሞቃል።

«እንግዲያው በእጅ ነው» አለች ሌንሳ። «ውሃውን በጆግ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። ውሃው ሲወድቅ አየር ይይዛል። መብራት እስኪመጣ እንዳታቋርጡ፤ ካቋረጣችሁ ይሞታሉ።»

እኔ ጆጉን አነሳሁ። ትንሽ እንዳፈሰስኩ ደከመኝ፤ ግማሹን ጫማዬ ውስጥ ነው የጨመርኩት። ገመቹ ከእጄ ወሰደብኝ። «አንተ ተቀመጥ ጃርሳ፣ እኛ አለን» አለ። ጃርሳ ማለት ሽማግሌ ማለት ነው፤ በዚያን ሰዓት ስድብ አልመሰለኝም።

ሳፋውን ሳሎን አስገቡት፤ ዘውዴ ወንበር አጠገብ። ከበው ተቀመጡ፤ እያንዳንዱ ጆጉንም ጣሳውንም ይዞ። መጀመሪያ እንደ መጣላቸው ያፈስሱ ነበርና እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ይረጫጫሉ፣ ይወቃቀሳሉ። ደግነቱ ደቦ ያለ ዘፈን አይሠራም። ጫልቱ የመከር ዘፈን አወጣች። ሌሎቹ ተቀበሉ። ከዚያ ወዲያ እጃቸው ተስማማ፤ አውጪዋ ስታወጣ ሁሉም ይቀዳል፣ ተቀባዮቹ ሲቀበሉ ሁሉም በአንድ ላይ ያፈስሳል። ሿ... ይልና ዝም ይላል። ደግሞ ሿ... ይልና ዝም።

«ዝም በሉ!» አለች ዘውዴ በድንገት።

ሁሉም ደንግጠው አቆሙ።

«ውሃውን አታቁሙ! ዘፈኑን ብቻ።»

ጫልቱ ወደ እኔ አየች። እኔ ትከሻዬን ሰበቅኩ። ዘፈኑን በልባቸው እየዘፈኑ ማፍሰሱን ቀጠሉ። ሿ... ዝም። ሿ... ዝም። ዘውዴ ዓይኗን ጨፈነች። ጨዋማው ጠብታ ፊቷ ላይ ይረጫል፤ አልጠረገችውም።

«ሌሊት በረንዳ ላይ ነበር የምንተኛው» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። «ሙቀቱ ቤት አያስገባም። አባቴ አልጋዎቹን ደርድሮ፣ አንሶላውን በውሃ ነክሮ ያለብሰናል። እናቴ ትቆጣለች፣ ልጆቹ ይበርዳቸዋል ብላ፤ በአሰብ ሙቀት! ሁላችንም ተኝተን እሱን ነው የምንሰማው። አንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ይሄዳል። ሲመጣ እተነፍሳለሁ፣ ሲሄድ እተነፍሳለሁ። እዚህ የመጣሁ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ዝናቡ ስለማያቋርጥ አይደለም፤ ስለማይተነፍስ ነው።»

ጫልቱ እያለቀሰች ታፈስሳለች። ይህን ሁሉ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረው፣ የጎረቤቷ እናት ምን ብላ እንደምትቆጣ ዛሬ መስማቷ ነው። እኔስ? እኔ ባሏ ነኝ፤ ስለተነከረው አንሶላ ሰምቼ አላውቅም። ባሕር በመስታወት ሳሳያት ከረምኩ፤ ባሕር በጆሮዋ እንደነበረ የነገረኝ የለም። ልጠይቅም አልደፈርኩ።

«ሃዳ ሌንሳ» አለች ጫልቱ በሹክሹክታ፣ «እንዲህ ነው ባሕሩ?»

«እንዲህ ነው» አለች ዘውዴ። «ይሄስ ባሕር ነው።»

ዓሣዎቹ ወደ ሳፋው ሥር ወርደው ቀበቷቸውን እያሳዩ መዞር ጀመሩ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ ማንም «ልሂድ» አላለም። አንዱ ሲደክመው ለሌላው ያቀብላል፤ ምቱ አልተሰበረም።

ጀምበር ስትጠልቅ መብራት መጣ። ደቦው እንደ ነቀምት ሰው ሁሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ አጨበጨበ። ገመቹ ሮጦ ፓምፑን ሳፋው ውስጥ ከተተና ሰካው። ዝዝዝዝ... የሚል የማያቋርጥ፣ የማይተነፍስ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ሁሉም ጆጉን አስቀምጦ እጁን ማሸት ጀመረ፤ እኔም «ተመስገን፣ ተረፉ» አልኩ።

ዘውዴ ዓይኗን ከፈተች።

«አጥፉት» አለች።

«ኧረ በማርያም ዘውዴ፣ ዓሣዎቹስ?»

«ሰዎቹ ይረፉ፣ ደክሟቸዋል። አንተ ቅዳላቸው።» ከዚያም ያን የአሰቡን ሳቅ ሳቀችብኝ። «እስክተኛ ብቻ ነው።»

ነቀለው ገመቹ። ጆጉን አነሳሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ተቀምጦ እያየኝ። ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ። ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ። ጎበዝ ነኝ ለማለት ፈጠን ፈጠን አልኩ።

«አንተ ሰውዬ» አለች ዓይኗን ጨፍና፣ «ቀስ በል እንጂ። ባሕር አይቸኩልም።»